የሰው ቤት ቆጮ

በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ትምህርት ክፍላችን ‹‹ልምድሽን አካፍያቸው›› ብሎ አዳራሽ ይሰደኛል። ከዓመቱ ተመራቂዎች ሁሉ ትልቁን ውጤት አምጥቼ ዋንጫ ያነሳሁ፣ ከዚያም እዚያው በመምህርነት የቀረሁ እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው አይፈልጉም። ልጆቹ ከየአገሩ ወደ ዲላ ተመድበው የመጡ ናቸው። ከደጋ የመጡት ሹራባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ስልካቸውን ከዴስኩ ሥር ይነካካሉ። ሁሉም ግን የመጡት አንድ ነገር ሊሰሙ ነው፤ ኤ እንዴት ይመጣል?

እኔም እነግራቸዋለሁ። ፊት ወንበር ተቀመጡ፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ቶሎ የሚያጠፋት ነገር ፈተና ላይ ትመጣለች። የቆዩ ፈተናዎችን ከነባር ተማሪዎች ለምናችሁ ውሰዱ። ላይብረሪ ሲከፈት በር ላይ ተገኙ። ያልገባችሁን ነገር አታሳድሩ። እስክሪብቶ ሁለት ያዙ። ይህን ሁሉ ሲጽፉ አያለሁ፤ አንዳንዱ ‹‹እስክሪብቶ ሁለት›› የሚለውን ሳይቀር ከሥሩ ያሰምርበታል።

ድሮ በመጨረሻ አንድ ምክር እጨምር ነበር። ፈተና ሲደርስ ስልካችሁን ዝጉ፣ ከቤተሰብም ከወዳጅም ራቁ፣ ሁለት ሳምንት እናንተ ባትኖሩ ዓለም አይፈርስም እላቸው ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ይህችን ምክር ትቻታለሁ። ለምን እንደተውኳት አዳራሽ ውስጥ መናገር አልችልም፤ እዚህ ልጻፈው።

እኔ የቡሌ ልጅ ነኝ። ቡሌ ከዲላ ሽቅብ ነው። ርቀቱ ለመኪና ብዙ አይደለም፣ መንገዱ ግን ክፉ ነው፤ ዝናብ ከጣለ መኪናው ጭቃ ላይ ይቆምና ሰው ወርዶ በእግሩ ይቀጥላል። ዶርም ውስጥ አብረውኝ የነበሩት ልጆች አገራቸው ሁለት ቀን መንገድ ነበር፤ ናፍቆት ሲይዛቸው ያለቅሱ ነበር። የእኔ አገር ከበላያችን ያለው ጉም ውስጥ ነው። ያም ሆኖ በአራት ዓመት ውስጥ ቤቴ የሄድኩባቸውን ቀኖች በጣቴ ቆጥሬ እጨርሳቸዋለሁ።

እናቴ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ አግብታም ከአባታችን ግቢ አልወጣችም። አባታችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከቡሌ ይወርዳል። እህቴ የጋገረችውን ቆጮ በኮባ ጠቅልሎ ይዞ፣ ግቢ በር ላይ ከጥበቃዎቹ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያን ወፍራም የደጋ ካፖርቱን ዲላ ሙቀት ውስጥም አያወልቀውም፤ ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ እያየሁ ‹‹አባ፣ አውልቀው እንጂ›› ስለው ‹‹ስመለስ ማን ይሸከመዋል?›› ይለኛል።

የዶርም ልጆች ቆጮ ሁሉ አንድ ነው ይሉ ነበር። አይደለም። እንሰቱ የሚቀበርበት ጉድጓድ ከቤት ቤት ይለያያል፣ የሚቆይበት ጊዜ ይለያያል፣ የምትጨምቀው ሴት እጅ ይለያያል። የእህቴን ቆጮ ዓይኔን ጨፍኜ ከመቶ ቆጮ መሃል አወጣዋለሁ፤ በሱ ነው ያደግኩት። እዚያው በር ላይ ቆሜ አንድ ቁራሽ ሳልቀምስ አባቴ አይሄድም ነበር። ቀምሼ ራሴን ስነቀንቅ ነው መንገዱን የሚጀምረው።

ሌላው ነገራችን ውጤቴ ነበር። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ የእንግሊዝኛዋን ኤ ግን ለይቷታል። ጣሪያ ያላት ቤት ትመስላለች። ስለዚህ ‹‹ስንት ቤት አገኘሽ?›› ነበር የሚለኝ። የውጤት ወረቀቱን አሳትሜ እሰጠዋለሁ፣ በጣቱ እየነካ ቤቶቹን ይቆጥራል፣ አጥፎ ካፖርቱ ኪስ ይከተዋል። ቡሌ ገበያ ወስዶ ለማን ለማን እንደሚያሳየው እህቴ ትነግረኝ ነበር። አንደኛ ዓመት ላይ አንድ ቢ አየና ‹‹ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?›› አለኝ። ‹‹እሷም ጥሩ ናት›› አልኩት። ገልበጥ አድርጎ አያትና ‹‹ጣሪያ የላትም›› አለ። ያን ቀን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ቢ የሚባል ነገር አላመጣሁም።

እንዴት አላመጣሽም ብትሉኝ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ከእኔ የሚፈጥኑ ልጆች ክፍል ውስጥ ነበሩ። እኔ የማውቀው መቀነስ ነው። መጀመሪያ ወሬ ቀነስኩ። ከዚያ ጓደኛ ቀነስኩ። ማስታወሻዬን ላውሺን ሲሉኝ ‹‹ጽሑፌ አይነበብም›› እላለሁ፤ ጽሑፌ እንደ መጽሐፍ ነው። ቸርች መዘመር ተውኩ። የእህቴ ልጅ ታማ ዲላ ሆስፒታል ሲያመጧት፣ ሆስፒታሉ ከግቢው ብዙ አይርቅም፣ አንድ ጊዜ ደረስ ብዬ የኬሚስትሪ ሀንድአውቴን በጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቹ እንደ እኔ ያለውን ‹‹ሰቃይ›› ይሉታል። ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛ የወሎ ልጅ ነበረች። ሳልጠይቃት ከካፌ ዳቦ ታመጣልኛለች፣ ልብሴን ከዝናብ ታነሳልኛለች። ‹‹አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን አንቺው ራስሽ የማታውቂያት ሰው ትሆኛለሽ›› ትለኛለች እየሳቀች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ጊዜ አልነበረኝም።

አራተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ትምህርት ክፍሉ አንድ ተመራቂ ብቻ ረዳት አድርጎ ሊያስቀር ነው ተባለ። ለዚያ ቦታ የቀረነው ሁለት ነበርን፤ እኔና አንድ የሐዋሳ ልጅ። ውጤታችን ተቀራርቦ ልዩነቱ ከነጥብ በኋላ ባለች ቁጥር ሆነ። አንዲት ቢ ካመጣሁ ቦታው የሱ ነው። ያ ቦታ ለእኔ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። ከቡሌ አንዲት ሴት ልጅ ሄዳ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች የሚባለውን አባቴ ገበያ ላይ ሲናገረው በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ሊጀመር ሲል አባቴ እንደ ልማዱ ቆጮውን ይዞ መጣ። ቀምሼ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ‹‹አባ፣ እስክጨርስ አትምጣ። ሐሳቤን ትበታትንብኛለህ›› አልኩት።

‹‹ቆጮውስ?›› አለኝ።

‹‹እህቴ ታምጣልኝ። እሷ ብዙ አታወራም።››

‹‹እሺ፣ ስትጨርሺ ቤቶቹን እኔው ራሴ መጥቼ እቆጥራለሁ›› አለና ሄደ። ካፖርቱ ጀርባው ላይ በላብ ወርዝቶ ነበር። ስልኬን ዘጋሁና ለወሎዋ ልጅ ሰጠኋት፤ ‹‹እስከ ሐሙስ ድረስ ሞታለች በያቸው›› አልኳት።

ማክሰኞ እህቴ መጣች። የቀሩኝ ሁለት ፈተናዎች ነበሩ፣ ረቡዕና ሐሙስ። ከላይብረሪ ተጠርቼ ሀንድአውቴን በእጄ እንደያዝኩ ወጣሁ። እህቴ አዲስ ቀይ ሻሽ እስከ ቅንድቧ ድረስ ዝቅ አድርጋ አስራለች። ድምጿ ተዘግቷል።

‹‹ምን ሆነሽ ነው?›› አልኳት።

‹‹ጉንፋን ነው›› አለች።

‹‹አባስ?››

‹‹እግሩን ትንሽ አሞታል፣ ተኝቷል።››

‹‹ስጨርስ እመጣለሁ በይው።››

‹‹እሺ፣ እለዋለሁ›› አለችኝ። ኮባውን ከፈት አድርጋ ሰጠችኝ፣ ቆርሼ ቀመስኩ፣ ስለ ረቡዕ ፈተና ትንሽ አወራሁላት፣ ተሰናበትኳት። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዞር ብዬ ሳይ እህቴ አሁንም በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ሁለቱንም ፈተና ሠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁት ፈተና የለም፤ ጥያቄዎቹ የተጻፉት ለእኔ ይመስሉ ነበር። ሐሙስ ከፈተና ስወጣ የወሎዋ ልጅ ቦርሳዬን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ስልኬን ሳትከፍተው ሰጠችኝና ‹‹ዛሬውኑ ቤትሽ ሂጂ›› አለችኝ። ፊቷን አላዞረችልኝም።

መኪናው ቡሌ ሲደርስ ይዘንብ ነበር። ከፌርማታው እስከ ቤታችን ባለው መንገድ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ሰላም ሲሉኝ እጄን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ያዙት። ግቢያችን ስገባ ሣሩ ላይ ሰፊ አራት ማዕዘን ቦታ ቢጫ ሆኖ ተጨፍልቋል፤ ድንኳን ቆሞ የተነሳበት ቦታ ነው። የቸርቹ ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ተደርድረው ተነሡ። አንደኛው እጄን ያዘና አባቴ ቅዳሜ እንጨት ሲያነሳ ወድቆ እንዳልተነሳ፣ እሁድ እንደቀበሩት፣ ልጅቷ ፈተናዋን ሳትጨርስ መርዶ አይነገራት ብለው የወሰኑት እነሱ እንደሆኑ ነገረኝ። አገራችን እንዲህ ያደርጋል። ሰው ሩቅ ካለ፣ ከታመመ፣ ፈተና ላይ ከሆነ መርዶው ይቆይለታል፤ የሚያቆዩትም አዝነውለት ነው።

እኔ ሽማግሌዎቹን አላየኋቸውም። እህቴን ነው ያየሁት። ቀዩ ሻሽ የለም፤ ከሥሩ የነበረው ጥቁሩ ብቻ ቀርቷል። ‹‹ቀብሩን ሰረቅሽኝ›› አልኳት። ‹‹ዓይኔን እያየሽ ዋሸሽኝ። እግሩን አሞታል አልሽኝ።›› ሌላም ብዙ አልኳት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንደ ወላጅ ያሳደገችኝን ሴት ሰው የማይላትን አልኳት። እህቴ እጇን አጣምራ ቆማ ሰማችኝ። አንድም ቃል አልመለሰችልኝም።

ውጤቱ ወጣ። በዚያ ሴሚስተር ሁሉም ቤት ነበር። ወረቀቱን አሳትሜ በእጄ ይዤ ከማተሚያ ቤቱ ወጣሁና የምሰጠው ሰው እንደሌለኝ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ዋንጫውን አነሳሁ፣ ቦታውን አገኘሁ፣ የሐዋሳው ልጅ ‹‹ይገባሻል›› ብሎ አቀፈኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የቂም ዓመታት ናቸው። ለእህቴ የምደውለው ለበዓል ብቻ ሆነ። ቡሌ ስሄድ አላድርም፤ የአባቴን መቃብር አይቼ፣ በረንዳው ላይ ትንሽ ተቀምጬ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ እነሳለሁ። ከምታቀርብልኝ ምግብ ‹‹በልቻለሁ›› እያልኩ አልቀምስም። ይህንን ታሪክ ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ፤ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ አንድ ጊዜም ላገባው ለነበረ ሰው። ስናገረው ሁሉም ከእኔ ጎን ይቆማል። ‹‹እንዴት ጨካኝ ልማድ ነው! ደግሞ እህት ሆና!›› ይሉኛል። እኔም ሲሉኝ እንደገና እቆጣለሁ፣ ቁጣው ያሞቀኝ ነበር።

ያለፈው ዓመት የፈተና ሰሞን፣ ማክሰኞ ቀን ነው፣ አንድ ሰው ቢሮዬ ገባ። ጎልማሳ ነው፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል፣ ጫማው የባንኮ ጎቲቲን፣ የዚያን የቡና አገር፣ ቀይ አፈር እንደያዘ ነው። እኔ የማማክረው፣ ከክፍሉ አንደኛ የሆነ ልጅ አለ፤ የሱ አጎት ነኝ አለኝ።

‹‹መምህርት፣ የልጁ እናት ዛሬ ጠዋት ሞተ›› አለ። አማርኛው እንደ ብዙዎቻችን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረው ነው። ‹‹ቀብር ነገ ስምንት ሰዓት ነው። ልጁ ግን ፈተና አለው ብለዋል። እባክዎ፣ ሐሙስ እስኪጨርስ ማንም እንዳይነግረው እርስዎ ይጠብቁልን።››

ሴትዮዋን አውቃታለሁ፣ አንድ ጊዜ ልጇን ልታይ መጥታ ቢሮዬ ተቀምጣለች። በሰፈራቸው ባለ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ከተሰጣው ቡና መሃል የተበላሸውን ስትለቅም የኖረች ሴት ናት። ጣቶቿ ጫፍ ጫፋቸው ተሰነጣጥቆ ነበር።

ደሜ ፈላ። ‹‹አይሆንም›› አልኩት ሰውየውን። ‹‹እናንተ ማን ናችሁና ነው የሰው እናት ቀብር የምትደብቁት? የነገው ፈተና ስምንት ሰዓት ነው፤ እናቱ አፈር ስትገባ ልጁ ቁጭ ብሎ ቀመር ይጻፍ ነው የምትሉት?››

ሰውየው ኮፍያውን አዟዟረ። ‹‹እናቱ ራሱ የለፋው ለዚህ ነው›› አለኝ በቀስታ። ‹‹ነገ ካልተፈተነ ከጓደኞቹ ጋር አይመረቅም ይላሉ። እዚህ መምህር ሆኖ ሊቀርም ነው ይላሉ።››

እውነቱን ነው። ፈተናው በማስረጃ ሊዛወርለት ይችላል፤ ግን ውጤቱ ሳይሞላ ስለሚቆይ በዚያ ዓመት አይመረቅም፣ ረዳት ሆኖ የሚቀርበት ቦታ ለሌላ ይሄዳል። ቢሆንም ምንም አላመነታሁም። እኔን ያደረጉኝን ይህን ልጅ አያደርጉትም ብዬ፣ ሰውየውን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ስሄድ ደስታ ቢጤ ነበረኝ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እንደ ዳኛ ነበር የምራመደው።

ልጁን ከላይብረሪው ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር አገኘሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ስልኩ ተዘግቶ ደብተሩ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሳ። ስሙን ጠርቼ ‹‹ና እስቲ፣ የምነግርህ ነገር አለ›› ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

‹‹ቲቸር፣ አጎቴን በር ላይ አይቼዋለሁ›› አለኝ። ‹‹ሳያየኝ በጀርባ ዞሬ ገባሁ።››

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

‹‹አጎቴ ያለ ነገር አይመጣም፤ ቡና ላይ ነው በዚህ ሰሞን›› አለ። ከንፈሩ እየደረቀ ነው። ዓይኑን ከደብተሩ ላይ አላነሳም። ‹‹የመጡበትን ዛሬ አይንገሩኝ። ሐሙስ ከፈተና በኋላ ይንገሩኝ። እባክዎ ቲቸር።››

‹‹ሐሙስ ይረፍድብሃል›› አልኩት። ይህን ብቻ ነው ማለት የቻልኩት።

‹‹አውቃለሁ›› አለኝ። ከዚያ ተቀምጦ ገጽ ገለጠ። ጣቱ መስመሩን እየተከተለ ነበር፣ ከንፈሩ ያነባል።

እዚያ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ያን ልጅ እጁን ጎትቼ መኪና ላይ ላስገባው ይገባኝ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። አላደረግኩትም። ‹‹እሺ›› አልኩትና ሄድኩ። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፈታኝ እኔ ነበርኩ። ልጁ ሁለተኛ ረድፍ ተቀምጦ ጻፈ። አንድ ጊዜ እጁን አውጥቶ ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀኝ፤ ወስጄ ሰጠሁት። ሰዓቴን ሳይ፣ ባንኮ ጎቲቲ ላይ አፈር እየመለሱ ነበር። ውጤቱ ኤ ነው። ያስገባሁለትም እኔው ራሴ ነኝ።

ሐሙስ ነገርኩት፤ መነገር ከተባለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ‹‹ዘመዶቼ ደበቁኝ ነው የምለው›› አለኝ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ያን ቀን ከቢሮዬ ወጥቼ ቀጥታ መናኸሪያ ሄድኩ፣ ቡሌ የሚወጣ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ለምን እንደምሄድ መንገዱን ግማሽ እስክንጨርስ ለራሴ አልነገርኩትም። መኪናው ጭቃ ላይ ቆመ፣ ወርደን በእግራችን ስንቀጥል ግን ትዝታው መጣ፣ ሁሉም መጣ።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም። ሐዘንተኛ አይጋግርም፣ አይቀቅልም፤ የሚበላው ሁሉ ከየጎረቤቱ ይመጣል። ይህን የቡሌ ሕፃን ያውቀዋል። ያን ማክሰኞ ግቢ በር ላይ ቆርሼ የቀመስኩት ቆጮ የእህቴ አልነበረም። ኮምጠጥ ያለ፣ ደረቅ ያለ፣ የሰው ቤት ቆጮ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ከመቶ መሃል የማወጣው ሰው ነኝ። እህቴ ደግሞ በሕይወቷ የሰው ቆጮ ልካልኝ አታውቅም። ድምጿ ተዘግቷል። ከቀዩ ሻሽ ሥር፣ ጆሮዋ አጠገብ፣ የጥቁሩ ጠርዝ ይታይ ነበር። አይቼዋለሁ። አፌ ውስጥ ያለውን ሳልውጥ ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ብጠይቃት እህቴ እዚያው ትፈርስ ነበር። ጥያቄውን ግን አልጠየቅኳትም፤ ረቡዕ ፈተና ነበረኝ። ከዚያ እንዳላወቅኩ ሆንኩ፣ እስከ ሐሙስ፣ ከሐሙስም በኋላ፤ እስክረሳው ድረስ እንዳላወቅኩ ሆንኩ።

እህቴን ጓሮ አገኘኋት፣ እንሰት ሥር ጎንበስ ብላ ቅጠል ትቆርጣለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ሳልደውል በመምጣቴ ደንግጣ ቀና አለች። ሰላምታ ሳልሰጣት ‹‹አውቅ ነበር›› አልኳት። ‹‹ያን ቀን በር ላይ፣ አባ እንደሞተ አውቅ ነበር።››

ቢላዋውን ቅጠሉ ላይ አስቀመጠችው። ‹‹አውቃለሁ›› አለችኝ።

‹‹ምኑን?››

‹‹ማወቅሽን። ስትቀምሽው አየሁሽ። አላመጥሽና ቆም አልሽ፣ ዓይን ዓይኔን አየሽኝ። ሽማግሌዎቹ የፈለጉትን ይበሉ፣ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። አንቺ ግን ስለ ፈተናሽ ማውራት ጀመርሽ።››

እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ‹‹ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስሰድብሽ ለምን ዝም አልሽ?››

‹‹በእኔ ብትቆጪ ይሻልሻል ብዬ ነው›› አለች። ‹‹በራስሽ ከምትቆጪ።››

እጄን ይዛ አነሳችኝ፣ ልብሴ ላይ ያለውን ጭቃ በመዳፏ አራገፈችልኝ። ቤት አስገብታ አስቀመጠችኝ፤ አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው መደብ ፊት ለፊት። ካፖርቱ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ኪሱ በወረቀት አብጧል። ከምድጃው አጠገብ ያለውን ኮባ ገለጠችና ቆርሳ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ድሮ አባቴ ያደርገው እንደነበረው፣ እስክቀምስ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።

ቀመስኩት። የቤታችን ነበር። ራሴን ነቀነቅኩላት።